ዝምተኛው አድማጭ መቼ ይናገራል?

 

የማነሣው ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም፤ ምናልባትም አሁን ያላችሁበት ነው። ሰው አንድ ነገር ይወዳል። ቼዝ ሊሆን ይችላል፣ ፎቶግራፍ፣ ንብ ማነብ፣ ወፍ መመልከት። እሱ የሚወደውን የሚወዱ ሰዎች የሚገናኙበትን ቦታ ፈልጎ ያገኛል፤ ግን አይገባም። ከዳር ሆኖ ያያል፣ ያዳምጣል። ወራት ያልፋሉ፤ አንዳንዴም ዓመታት። ከዚያ አንድ ቀን አፉን ይከፍታል። ትናንት ያልተናገረው ሰው ዛሬ ለምን ተናገረ?

ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ አማተር ራዲዮ ዓለም ልወስዳችሁ እፈልጋለሁ። ሰዎች ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ ፈቃድ አውጥተው፣ ከቤታቸው ጣቢያ፣ በዓለም ዙሪያ ካሉ መሰሎቻቸው ጋር በሞገድ የሚገናኙበት ዓለም ነው። አንዱ በድምፅ ይነጋገራል፣ ሌላው በሞርስ፣ ሌላው በኮምፒውተር። ለመላክ ፈቃድ ግድ ነው። ለመስማት ግን በብዙ አገሮች መቀበያና ጥቂት ሜትር ሽቦ ይበቃል። ስለዚህ ከተናጋሪዎቹ ጎን ሁልጊዜ የአድማጮች ሕዝብ አለ፤ የአጭር ሞገድ አድማጮች ይባላሉ። ይህን መስክ የመረጥኩት አድማጩን ከቁጥር ያስገባ መስክ ስለሆነ ነው። የብሪታንያው የራዲዮ ማኅበር ለአድማጭ አባላቱ መለያ ቁጥር ይሰጥ ነበር። በሶቪየት ኅብረትም አድማጩ እንደ ላኪው ሁሉ የተመዘገበ መለያ ነበረው። ዝም ያለ ሰው ስምና ቁጥር የተሰጠው ሌላ ማኅበር እምብዛም አላውቅም።

አማተሮች ውቅያኖስ የተሻገሩበት ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ከአድማጭ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣው የአሜሪካ የራዲዮ ሕግ አማተሮችን 200 ሜትርና ከዚያ ወደሚያጥሩ ሞገዶች ገፋቸው። በዘመኑ እነዚህ ሞገዶች ለሩቅ መንገድ አይረቡም ተብለው የተተዉ ነበሩ። አማተሮቹ ግን አትላንቲክን እንሻገርባቸዋለን ብለው ተነሡ። በ1921 መጀመሪያ ሞከሩ፤ አልሆነም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የአሜሪካ አማተሮች ማኅበር ፖል ጎድሊ የሚባል የራዲዮ ባለሙያ በመርከብ ወደ ስኮትላንድ ላከ። ጎድሊ የተላከው ሊናገር አልነበረም። መቀበያውን ይዞ አርድሮሳን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ድንኳን ተከለና በብርድና በዝናብ፣ ሌሊት ሌሊት፣ አዳመጠ። ከዚያም በኮኔቲከት ግዛት ከግሪንዊች ከተማ የተነሣውን፣ 1ቢሲጂ የሚል መለያ የነበረውን የአማተር ጣቢያ መልእክት ቃል በቃል ጻፈው። የሌሎች ብዙ የአሜሪካ አማተሮችም ምልክት ጆሮው ገባ። ከሁለቱም ወገን እየተቀባበሉ መነጋገር የተቻለው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 1923፣ ፈረንሳዊው ሊዮን ደሎይ ከኒስ፣ ፍሬድ ሽኔል ደግሞ ከኮኔቲከት ሆነው በተገናኙ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ነው። ግሪንዊች ላይ የሞርስ ቁልፍ ይመታ የነበረው ሰው ድምፁ ውቅያኖሱን ይሻገር አይሻገር በራሱ የሚያውቅበት አንዳች መንገድ አልነበረውም። የማሰራጫውን ጉልበት ያውቃል፣ የአንቴናውን ርዝመት ያውቃል፤ ድምፁ የት እንደደረሰ ግን የሚያውቅለት ሌላ ሰው ነው። ይህ ዛሬም በመሠረቱ አልተለወጠም። ማንኛውም ላኪ ስለ ራሱ ድምፅ የሚጎድለው አንድ እውቀት አለ፤ ያ እውቀት ያለው በዝምተኛው አድማጭ እጅ ነው።

አማተሮች ይህን ስለተረዱ ለአድማጩ ዘገባ ትልቅ ክብር ሰጡ። በሞርስ የሚገናኙ ሰዎች መጀመሪያ ከሚለዋወጡት ነገር አንዱ ሦስት አኃዝ ነው፦ ምን ያህል ለመረዳት ይቀላል ከ1 እስከ 5፣ ምን ያህል ይጎላል ከ1 እስከ 9፣ ቃናው ምን ያህል ንጹሕ ነው ከ1 እስከ 9። ፈቃድ የሌለው አድማጭም ይህንኑ በወረቀት ጽፎ መላክ ይችላል። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ሞገድ ላይ ከእገሌ ጋር ስትነጋገር ሰማሁህ፤ ድምፅህ እንዲህ ነበር፤ መቀበያዬ ይህ፣ አንቴናዬ ይህ ነው ይላል። ላኪው የጣቢያው መለያ የታተመበትን ካርድ ይመልስለታል፤ ኪው ኤስ ኤል ካርድ ይሉታል። በዚህ መንገድ ስንቱ ወጣት ከሞገዱ ጋር እንደተዛመደ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። አንዲት ቃል በማይክሮፎን ሳይናገር ከሩቅ አገር በስሙ ካርድ የደረሰው ልጅ ከእንግዲህ የውጭ ሰው አይደለም። የሰጠው ነገር ተፈልጎ ተወስዷል።

የዚህን ሐሳብ ክብደት ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየኝ ኒኮላይ ሽሚት ነው። በሜይ 1928 ጄኔራል ኡምቤርቶ ኖቢሌ የሚመራው ኢታሊያ የተባለው የአየር መርከብ ከሰሜን ዋልታ ሲመለስ በረዶው ላይ ወደቀ። የተረፉት ሰዎች ትንሽ የአጭር ሞገድ ማሰራጫ ነበረቻቸው፤ በእርሷ ቀንና ሌሊት የድረሱልን ጥሪ ያሰሙ ነበር። በአቅራቢያው የነበረው የራሳቸው ደጋፊ መርከብ አልሰማቸውም። ጁን 3 ቀን በሩሲያ ገጠር፣ ቮዝኔሴንዬ ቮኽማ በምትባል መንደር፣ አንድ ወጣት አማተር በገዛ እጁ በሠራው መቀበያ የተቆራረጠ ምልክት ሰማ። ሽሚት የሰማውን ለራሱ ይዞ አልተኛም፤ ወሬው በቴሌግራም ሞስኮ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ፍለጋው አቅጣጫ አገኘ፤ ክራሲን የተባለው በረዶ ሰባሪ መርከብም በጁላይ ደርሶ በበረዶው ላይ የቀሩትን አነሣ። ሽሚት ስለ ዋልታ ምርምር የሚናገርበት ማዕረግ አልነበረውም። ግን በዚያች ሰዓት እሱ የሚያውቀውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ለመኖሩ አንዳች ማረጋገጫ አልነበረውም፤ ስለዚህ ዝም ማለት አልተቻለውም።

ሁሉም አድማጭ ሰው የሚያድንበት ቀን አይገጥመውም። መልኩ ግን በየዕለቱ ይደገማል። አማተር ማንንም ሰው መጥራት ሲፈልግ ሲ ኪው ብሎ ይጣራል፤ የሰማኝ ሁሉ ይመልስልኝ እንደማለት ነው። አንድ ሰው ሲ ኪው ይላል፤ መልስ የለም። ይደግማል፤ አሁንም የለም። አድማጩ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ጥርት አድርጎ ይሰማዋል። ይህ ሰው መሰማቱን አያውቅም፤ አድማጩ ግን ያውቃል። ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ እያለ ለወራት ዝም ያለ ሰው ማይክሮፎኑን እንዲያነሣ የሚያደርገው ከሁሉ የበለጠ ይህች ሰዓት ናት ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ስል ድፍረት አገኘ ማለቴ አይደለም። ፍርሃቱ እንዳለ ነው፤ ግን ከፍርሃቱ የሚበልጥ ጉዳይ መጣበት። የሚጣራ ሰው አለ፣ የሚመልስ ግን ከእሱ በቀር አልተገኘም።

ብዙዎች ዝምታን የእውቀት ማነስ አድርገው ያዩታል። ጀማሪው ገና ስላልተማረ ነው ዝም ያለው፤ ሲማር ይናገራል ይላሉ። የአማተር ራዲዮ ታሪክ ይህን አይደግፍም። በአሜሪካ የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ አለው፤ 26 የመለሰ ያልፋል። ጥያቄዎቹም ከመልሶቻቸው ጋር አስቀድመው ለሕዝብ የወጡ ናቸው። ሆኖም ፈተናውን በሚገባ አልፎ፣ ራዲዮ ገዝቶ፣ አንቴና ሰቅሎ፣ ከማይክሮፎኑ ፊት ሲደርስ ምላሱ የሚታሰር ሰው ብዙ ነው። አማተሮቹ የማይክሮፎን ፍርሃት ይሉታል፤ ለጀማሪ በሚጻፉ ምክሮችም ደጋግሞ ይነሣል። እኛ ዝም አይነቅዝም እየተባልን ያደግን፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን ከልጅነታችን የሰማን ሰዎች ይህን ፍርሃት ለመረዳት አንቸገርም። ሞገድ ላይ የወጣ ቃል አይመለስም፤ ማን እንደሰማውም አይታወቅም።

በር ማስፋትም ብቻውን አይበቃም። ለብዙ አሥርት ዓመታት፣ በአብዛኞቹ አገሮች፣ በአጭር ሞገድ መላክ የሚፈልግ ሁሉ ሞርስ መፈተን ነበረበት። በ2003 ጄኔቭ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የራዲዮ ጉባኤ ይህን ግዴታ ለየአገሩ ውሳኔ ተወው፤ አሜሪካም በ2007 ጨርሳ አነሣችው። ዛሬ በአሜሪካ ብቻ ከ700,000 በላይ ፈቃድ ያላቸው አማተሮች አሉ። ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ። ነገር ግን ፈቃድ ማውጣትና ሞገድ ላይ መገኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የማይናገር ሰው ዛሬም ሞልቷል። የተከፈተ በር መግባት ትችላለህ ይላል። ና፣ እንፈልግሃለን የሚለው ግን የሰው አፍ ነው።

አድማጩ በዝምታው ዘመን የሚማረው የቴክኒክ ነገር ብቻ አይደለም። ሰዎቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚስተናገዱ ይማራል። በተለይም እንደ እሱ ያለ ጀማሪ ሲመጣ ምን እንደሚደርስበት ጆሮውን ቀስሮ ይከታተላል። በሞርስ ዓለም አንድ ያማረ ልማድ አለ፦ ጥሩ ባለሙያ የሚመልሰው በጠሪው ፍጥነት ልክ ነው። ጀማሪው እየተንቀረፈፈ ከጠራ፣ በደቂቃ ሠላሳ ቃል የሚያንቆረቁረው አንጋፋ እጁን ሰብስቦ በዝግታ ይመልስለታል። ካልሆነም ጀማሪው ኪው አር ኤስ ብሎ ቀስ በልልኝ ይላል፤ ማንም አይቀየመውም። ይህን የሰማ አድማጭ እኔንም እንዲሁ ይቀበሉኛል ብሎ ልቡ ይረጋል።

ተቃራኒውም አለ። ራሳቸውን የሞገድ ፖሊስ ያደረጉ ሰዎች አሉ፤ የተሳሳተ ሰው ባገኙ ቁጥር ይጮኹበታል፣ ይሳደባሉ። እነዚህ ሰዎች የሚያርሙት አንድን ሰው ይመስላቸዋል። የተዘለፈው ጀማሪ ቢያንስ ማን እንደዘለፈው ያውቃል፤ ሊመልስም ይችላል። ነገ ልናገር ብለው ሲዘጋጁ የነበሩ፣ ያን ስድብ በየቤታቸው የሰሙ፣ ቁጥራቸው የማይታወቅ ሰዎች ግን ያለ አንዳች ድምፅ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ጉዳታቸው በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱን ያደረሰው ሰው እንኳ ማጥፋቱን ሳያውቅ ያልፋልና።

ታዲያ ጀማሪው ሳይፈራ የሚገባበት መንገድ ምን ይመስላል? ተመራማሪዎቹ ጂን ሌቭ እና ኤቲየን ዌንገር በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ የላይቤሪያ ልብስ ሰፊዎች ልጆችን እንዴት እንደሚያሠለጥኑ ይተነትናሉ። ደቀ መዝሙሩ የሚጀምረው ከማጠናቀቂያው ሥራ ነው፤ ቁልፍ መትከል፣ ጠርዝ ማጠፍ። ቀጥሎ ስፌቱን ይማራል። ጨርቅ መቁረጥ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም የተበላሸ ስፌት ተፈትቶ ይሰፋል፣ የተበላሸ ቅድ ግን ጨርቁን ያጠፋል። ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚሠራው ሥራ ለገበያ የሚወጣ እውነተኛ ሥራ ነው፤ ግን ቢሳሳት የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው። የእኛም የቅኔ ቤት ይህን ከጥንት ያውቀዋል። ተማሪው የመምህሩንና የጓደኞቹን ቅኔ እየሰማ ይቆያል። ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ሲያቀርብ ግን የሚጀምረው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ረጅሙን መወድስ ይዘህ ና የሚለው የለም።

በራዲዮም ተመሳሳይ መንገድ አለ። የአሜሪካ አማተሮች በ1933 የተጀመረ፣ በየዓመቱ በጁን ወር የሚደረግ፣ ፊልድ ዴይ የሚሉት ዝግጅት አላቸው። ክለቦች ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው፣ ጄኔሬተርና ባትሪ ይዘው፣ ድንገተኛ አደጋ ቢመጣ እንዴት እንደሚገናኙ ይለማመዳሉ። በዚህ ዝግጅት ውስጥ ፈቃድ ለሌላቸው፣ በቅርቡ ላወጡና ፈቃድ ይዘው ለማይናገሩ ሰዎች የተመደበ ጣቢያ ማቆም ይቻላል። ባለ ፈቃዱ ከጎን ይቀመጣል፤ የሚናገረው ግን ጀማሪው ነው። በዚያ ጣቢያ የሚደረገው ግንኙነት ለክለቡ ነጥብ ያስገኛል። የዚህን አሠራር ብልሃት አስተውሉልኝ፦ ጀማሪው ለምኖ የገባ እንግዳ አይደለም፣ ክለቡ የሚፈልገው ሰው ነው። ነጥቡ ለክለቡ የሚቆጠረው በእሱ አፍ ነው።

ወደ አገራችን ልምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ አጭር ሞገድ ማዳመጥ የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ የተመረቀውን የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ድምፅ፣ በኋላም ከኮሎኝና ከዋሽንግተን የሚመጣውን የአማርኛ ዝግጅት ራዲዮኑን እያዞሩ የሚከታተሉ ቤተሰቦች ብዙ ነበሩ። በአማተር ራዲዮ ግን ከኢትዮጵያ የሚሰሙ ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው። አምስት ኪሎ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ ከእነዚህ የታወቀው ነው፤ ተማሪዎችም የሚሠሩበት ጣቢያ ነው። አማተሮች በዓለም ላይ የሚቆጥሯቸው አገሮችና ግዛቶች ዛሬ 340 ናቸው፤ ቢያንስ ከ100ዎቹ ጋር መገናኘቱን ያረጋገጠ ሰው የታወቀውን ዲኤክስሲሲ የተባለ ሽልማት ያገኛል። ኢትዮጵያ በሞገድ ላይ ብዙ ስለማትገኝ ኢቲ3ኤኤ ሲጠራ ከጃፓን እስከ ብራዚል ያሉ አማተሮች በአንድ ጊዜ ይረባረባሉ።

እስቲ ይህን ከአንዲት የጣቢያው ተማሪ ወንበር ሆናችሁ አስቡት። አውሮፓ ውስጥ ያለ ጀማሪ ከሺዎች አንዱ ስለሆነ እኔ ብናገር ባልናገር ምን ይጎድላል ሊል ይችላል። አምስት ኪሎ ያለችው ተማሪ ይህን ማለት አትችልም። የእሷን ድምፅ የሚጠብቅ ሰው፣ እሷ ካልተናገረች ኢትዮጵያን የማያገኝ ሰው፣ በየአህጉሩ አለ። የመቶ ሰው ጥሪ በአንድ ጊዜ ጆሮ ላይ ሲወርድ ማስፈራቱ አይቀርም፤ ለዚህም መላ አለው። ጥሪ መለያችሁ ውስጥ 1 ያላችሁ ብቻ ጥሩ፣ ቀጥሎ 2 ያላችሁ እየተባለ ሕዝቡ በተራ ይስተናገዳል። ያ ሁሉ አንጋፋ የአንዲት ተማሪን ትእዛዝ ጠብቆ ተራውን ይይዛል።

ከመጨረሴ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ ዝም ያለን ሁሉ በግድ እናናግር አላልኩም። ዕድሜውን ሙሉ አድምጦ ደስ ብሎት የሚኖር ሰው አለ፤ መብቱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብሪታንያ የአማተሮችን ማሰራጫ ብታስቆምም ጆሯቸውን ግን ፈልጋዋለች፤ ወደ 1,500 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች ከየቤታቸው የጠላትን የሞርስ ምልክት እየጻፉ ይልኩ ነበር። ለጎረቤት እንኳ አልተናገሩም። የሠሩት ሥራ ግን ታላቅ ነበር። ዝምታ በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ፣ መናገር እየፈለገ የሚጠራው ያጣ ሰው መኖሩ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ሁለት ነው። የምትወዱት ነገር ክለብ ያላችሁ፣ ራዲዮም ይሁን ቼዝ ወይም ንብ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ማንም አስተያየት ካለው ብላችሁ አትለፉ። ከዳር የተቀመጠውን በስሙ ጥሩትና እሱ ብቻ ሊመልሰው የሚችለውን ጠይቁት፦ ከተቀመጥክበት ይሰማል ወይ፣ አንተ ሰፈር ንቦቹ አሁን ምን ላይ ናቸው፣ ይህን ጨዋታ ስታይ የቱ ጋ ግራ ገባህ በሉት። ሲመልስም በእሱ ፍጥነት ሂዱ። ከዳር ሆናችሁ የምታዳምጡት ደግሞ፣ ሁሉን እስክታውቁ አትጠብቁ። የሰማችሁትን፣ በሰማችሁት ልክ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ ለተናገረው ሰው ላኩለት። መሰማቱን የሚያውቀው ከእናንተ ነው።